ከአምስት ድንጋዮች ላይ ያነሣኋቸው ወረቀቶች

በ2001 ዓ.ም. ክረምት፣ ሰኔ ሲጋመስ፣ ጆሃንስበርግ መሃል ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ሙዚየም ሥራ ጀመርኩ። የዚህ አገር ክረምት ዝናብ የለውም፤ ደረቅ ብርድ ነው። ከአሌክሳንድራ ሰፈር በታክሲ ተሳፍሬ፣ ጣቶቼ ደንዝዘው፣ በጀርባ በር ገባሁ። የተቀጠርኩት ለጽዳት ነበር።

የተቀበለችኝ ኖምሳ ናት። የሶዌቶ ሴት ናት፤ በዕቃ ክምችት ክፍሉ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ሳዎቦና ማማ። ስምሽ ማነው?»

«አስቴር።»

«አስቴር፣ እዚህ ሦስት ነገር አይደረግም። አይሮጥም። አይበላም። ያለ ጓንት አይነካም። የቀረውን ቀስ እያልሽ ታውቂዋለሽ።»

አራተኛም ነበረ። እሷ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ክምችት ክፍሉ ከምድር በታች ነው። መስኮት የለውም። ግራጫ የብረት መደርደሪያዎች ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ ሣጥን፣ በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ሰው የሠራው ነገር አለ። ወለሉን ስጠርግ የሣጥኖቹን ጽሑፍ አነብ ነበር። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከዚያ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

በሦስተኛው ወር የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ ሚስ ካረን በሩ ላይ የተለጠፈውን የጽዳት ሰሌዳ አየች። ስሞቹንና ሰዓቶቹን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«በማስመሪያ ነው?»

«በእጄ ነው።»

አባቴ በሰቆጣ አካባቢ ቁም ጸሐፊ ነበር። ብራና ላይ በመቃ ብርዕ ይጽፋል። ሴት ልጅ ድጓ አትማርም ቢሉትም እጄን ይዞ ፊደል አሠራኝ፤ ቀለም መበጥበጥና መስመር መጠበቅ አስተማረኝ። ያ እጅ ጆሃንስበርግ ላይ እንጀራ ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። እግዚአብሔር ግን አስቦት ነበር።

ሚስ ካረን ከጓሮ ጠጠር አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ቁጥር ጻፊበት» አለች። ጻፍኩ። በማጉያ መነጽር አየችው፤ ለኖምሳም አሳየቻት። ኖምሳ «ሃይቦ! ይህቺ ሴት ጉንዳን ላይም ትጽፋለች» አለች። በሳምንቱ መጥረጊያውን አስረክቤ ረዳት ቁጥር ጻፊ ሆንኩ።

ሥራው እንዲህ ነው። ወደ ሙዚየም የገባ ዕቃ ሁሉ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ዕቃው ላይ ይጻፋል። መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ይመረጣል፣ ለስላሳና ደረቅ። በቀጭን ብሩሽ ቫርኒሽ ይቀባል። እስኪደርቅ ይጠበቃል። በላዩ በቀለም ቁጥሩ ይጻፋል፣ ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም። ሲደርቅ ሁለተኛ ቫርኒሽ ይደረብበታል። ቀለሙ ዕቃውን አይነካም፤ በሁለት ቫርኒሽ መካከል ይተኛል። አንድ ቀን ማንሣት ቢያስፈልግ አሴቶን በሚባል ማሟሚያ ይነሣል፣ ዕቃውም እንደ ነበረ ይገኛል። ከዚህ ሥራ የሚከብደው መጻፉ አይደለም፤ እስኪደርቅ መጠበቁ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ሚስ ካረን አንድ ሣጥን ሰጠችኝ። አንድ ሽማግሌ መንገደኛ ሲሞት ልጆቹ ለሙዚየሙ የሰጡት ነው። ውስጡ አምስት ድቡልቡል ድንጋዮች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው የሎሚ ያህል። ወገባቸውን ዙሪያ የተቦረቦረ ቦይ አለ። በመዝገቡ ላይ «ድንጋይ፣ አምስት፣ ደቡብ አሜሪካ» ከሚል በቀር ምንም የለም።

በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ አውራ ጣት የምታህል ቡናማ ወረቀት ተለጥፋ ነበር። በቦዩና ድንጋዩ በተሸራረፈበት ቦታ መካከል ለቁጥር የሚሆነው ለስላሳ ቦታ አንድ ነው፤ ወረቀቷ የያዘችው እሱን ነው። ጠርዟ ተቀዳዷል። በማላውቀው ቋንቋ የእጅ ጽሑፍ አለባት። እኔ ከጽዳት የመጣሁ ነኝ። አዲስ ቁጥር ሊጻፍ አሮጌው ምን ያደርጋል አልኩ። ጥጥ ለብ ባለ ውኃ ነክሬ አምስቱንም አላቅቄ አነሣኋቸው። ድንጋዮቹ አማሩ። ቁጥሮቼም አማሩ። ሚስ ካረን አይታ «ድንቅ ነው» አለችኝ። ሣጥኑን ሳትከፍተው ስለ ሰጠችኝ ወረቀት እንደ ነበረባቸው አታውቅም፤ የከፈትኩት እኔ ነኝ።

ወረቀቶቹን አልጣልኳቸውም። በቤታችን ጽሑፍ ያለበት ነገር መሬት አይወድቅም፣ አይረገጥም። የእግዚአብሔር ስም ይኖርበት እንደሆን ማን ያውቃል። አባቴ በመንገድ የወደቀ ብጣሽ ካየ አንሥቶ በግድግዳ ስንጥቅ ይሸጉጠው ነበር። እኔም ከእያንዳንዷ ወረቀት ጀርባ የድንጋይዋን ቁጥር በእርሳስ ጻፍኩ፤ የብራና ቅጠል እንዳይዛባ አባቴ እንዲያ ያደርግ ነበር። ከዚያ የጸሎት መጽሐፌ ውስጥ፣ የሐሙስ ጸሎት ያለበት ገጽ ላይ አስቀመጥኳቸው።

ሦስት ሳምንት አልሞላም። ፒተር የሚባል ባልደረባችን ከአንድ አሮጌ ከበሮ ላይ መለያ ወረቀት ልጦ ቅርጫት ውስጥ ጥሎ ተገኘ። ቅርጫቱ ተደፍቷል። ሚስ ካረን ሁላችንንም ሰበሰበችን።

«አሮጌ መለያ አይነሣም» አለች። «ስሕተት ቢሆን እንኳ አይነሣም። አዲሱ ከጎኑ ይጨመራል። ከበሮው ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ያ ወረቀት ብቻ ነበር። አሁን ማንም አያውቅም።»

ፒተር የምሳ ዕቃውን ይዞ ወጣ። አልተመለሰም።

አራተኛው ሕግ ይህ ነበር። ልጄ ሜሮን የሦስት ዓመት ሕፃን ነበረች። ባለቤቴ አይቮሪ ፓርክ ሰፈር የከፈተው ሱቅ ገና አልቆመም። የጥገኝነት ወረቀቴ በየስድስት ወሩ የሚታደስ ነው። ዝም አልኩ። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፤ ወረቀት ማንሣት ኃጢአት አይባልም ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን በኩራት ነው የማወራው። ከረዳትነት ወደ ቁጥር ጻፊነት፣ ከዚያ ወደ ከፍተኛ ቁጥር ጻፊነት ወጣሁ። ዶቃ ላይ ጽፌያለሁ፤ ቀንድ ላይ፣ ከቆርቆሮ በሳሳ ሸክላ ላይ፣ የወፍ እንቁላል ላይ ጽፌያለሁ። ከሌላ አገር የሚመጡ ተመራማሪዎች አንድ ዕቃ ገልብጠው «ይህ የአስቴር ቁጥር ነው» ይላሉ። አራት ወጣቶችን አስተምሬ አስመርቄያለሁ። አንድም ቁጥር ተሰርዞብኝ አያውቅም።

ታክሲ ውስጥ ግን የጸሎት መጽሐፌን በየቀኑ እከፍታለሁ። ሐሙስ በመጣ ቁጥር አምስቱ ወረቀቶች እዚያው ናቸው። ቀስ ብዬ ወደ ጎን አድርጌያቸው እጸልያለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ አደረግኩ።

ባለፈው ክረምት ሙዚየሙ ስለ ደቡብ አሜሪካ የኡራጓይ ወንዝ ሕዝቦች ትንሽ ዐውደ ርእይ አዘጋጀ። አምስቱ ድንጋዮች ከሣጥናቸው ወጡ። መዝገቡ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ አንድ ሰው «ቻሩዋ» ብሎ ሞልቶላቸው ነበር። ከዚያ አካባቢ ሕዝቦች ሰው ሁሉ የሚያውቀው ስም እሱ ነው። የሣጥኑንም መለያ በዚያው ስም ቀይረውታል።

ከኡራጓይ አንዲት እንግዳ መጡ፤ ወይዘሮ ብላንካ ይባላሉ። ሰባ ዓመት የሆናቸው የገጠር መምህርት ናቸው፤ እንግሊዝኛቸው እንደ እኔው የተቆራረጠ ነው። ስለዚህ ተግባባን። ጓንት አድርገው አንዱን ድንጋይ አነሡና ቦዩን በጣታቸው ዞሩበት።

«በዚህ በኩል የቆዳ ጠፍር ይታሰራል» አሉን። «ሁለት ሦስቱ አንድ ላይ ይያያዛሉ። አዙረው ይወረውሩታል፤ የሚሮጠውን እንስሳ እግሩን ይጠመጥመዋል።»

ወንጭፍ ታየኝ። ልዩነቱ፣ የእኛ ድንጋይ ብቻውን ይሄዳል፤ የእነሱ ጠፍሩን ይዞ ይሄዳል።

ከዚያ ወደ ሚስ ካረን ዞሩ። «ያሮ የሚል ነገር የላችሁም?»

ሚስ ካረን ወረቀቷን አየች። «መዝገቡ ቻሩዋ ነው የሚለው።»

«ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚለው» አሉ ወይዘሮ ብላንካ። ፈገግ ብለው ነበር፤ ድንጋዩን ግን ቀስ ብለው አስቀመጡት።

ሚስ ካረን ስትወጣ ኖምሳ ጠየቀቻቸው። «ያሮ ማናቸው፣ ማማ?»

ነገሩን። ያሮዎች በኡራጓይ ወንዝ ምሥራቅ ዳር፣ ሪዮ ኔግሮ የሚባለው ወንዝ ከሚገባበት ዝቅ ብሎ የሚኖሩ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ያድናሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ። ጎረቤቶቻቸው ብዙ ናቸው፤ በወንዙ ደሴቶች ቻናዎች፣ ወደ ላይ ቦሃኖች፣ በሜዳው ሚኑዋኖች፣ ወደ ባሕሩ ቻሩዋዎች። አንዳንዴ ይዋጋሉ፣ አንዳንዴ ይጋባሉ። ስፔኖች መጡ። ፈረስና ከብት መጣ፤ ሜዳው የሌላ ሰው ሆነ። ያሮዎች እያነሱ ሄዱ። የቀሩት ወደ ቻሩዋዎች ተጠጉ። በኋላ የቻሩዋዎቹም ተራ ደረሰ፤ የገዛ አገራቸው ጦር ጨረሳቸው፣ ከሞት የተረፉትም ለየቤቱ አገልጋይ ተደርገው ታደሉ።

«የአያቴ እናት እኛ ያሮ ነን ትል ነበር ይባላል» አሉ። «መንደሩ ይስቅባት ነበር። ያሮ የሚባል የለም፣ አልቋል ይሏታል። ስማቸውን በቄሶችና በወታደሮች ደብዳቤ ላይ አንብቤያለሁ። ስማቸው የተለጠፈበት ዕቃ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። በብዙ ሙዚየም ጠይቄያለሁ። ይህ የመጨረሻዬ ነው፤ ጉልበቴ አይፈቅድልኝም።»

ኖምሳ የማታቆም ሴት ናት። «ቄሶቹ ምን አደረጓቸው?»

ወይዘሮ ብላንካ ሳቁ። «መንደር ሠርተው ሰበሰቧቸው። ያሮዎቹ ጥቂት ጊዜ ቆዩና ጥለው ወጡ። ለምን ተብለው ሲጠየቁ፣ ሁሉን የሚያውቅ፣ በስውር የምናደርገውን የሚያይ አምላክ አልወደድንም፤ እንደ ልባችን መኖር ይሻለናል አሉ ይባላል። ቄሶቹ ራሳቸው ናቸው የጻፉት።»

ኖምሳ ጭኗን መታች። «አስቴር፣ ሰማሽ? ያንቺ አምላክ ሲሲቲቪ ነው ብለው ነው የሸሹት!»

እኔም ሣቅኩ። ወዲያው ሣቄ ተቋረጠ። እነሱ እንዲህ ያለ አምላክ አንፈልግም ብለው በግልጽ ሄዱ። እኔ እፈልጋለሁ ብዬ፣ በየቀኑ እየጸለይኩ፣ የእነሱን ስም ጸሎት መጽሐፌ ውስጥ ደብቄያለሁ። ወረቀቶቹ ላይ ያለውን የስፔን ቋንቋ ባላውቅም የላቲን ፊደል አነባለሁ። አራት ፊደል ያላትን ያቺን ቃል አሥራ ስድስት ዓመት አይቻታለሁ። የሰው ስም ትመስለኝ ነበር።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ቤት ገብቼ ልብስ እያጣጠፍኩ ለሜሮን ነገርኳት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች።

«እማ፣ ሲሪየስ ነሽ? ጡረታሽ ሁለት ዓመት ቀርቶት? ፋየር ያደርጉሻል!»

«ያደርጉኝ ይሆናል።»

«ማንም አያውቅም እኮ። ሴትዮዋ ከነገ ወዲያ ትሄዳለች።»

አንሶላውን አጥፌ አስቀመጥኩ። «ሜሮን፣ ትምህርት ቤት ከየት ነሽ ሲሉሽ ምን ትያለሽ?»

«ሐበሻ ነኝ እላለሁ። ኢትዮጵያ።»

«ከኢትዮጵያስ?»

«እእ... አዲስ አበባ?»

አዲስ አበባን አይታ አታውቅም። እኔም የኖርኩባት ለፓስፖርት አንድ ወር ነው። የሰቆጣ አገው ነኝ፤ ቋንቋችን ኽምጣና ነው። ጂፒ በሚባለው የሐበሻ ገበያ ያሉ ባለሱቆች አንዱ ጎንደሬዋ፣ አንዱ የትግራይዋ ይለኛል፤ ማስረዳት ሰልችቶኝ «አዎ» እላለሁ። ልጄ የወገኗን ስም ያላወቀችው እኔ ስላልነገርኳት ነው። በልጅቷ መቆጣት አልቻልኩም።

አባቴ ዘንድ አንድ ጊዜ አንድ ባለጠጋ አሮጌ መጽሐፍ ይዞ መጣ። በመጀመሪያው ቅጠል የቀድሞው ባለቤት ስም አለ። ያን ፍቆ የእርሱን እንዲጽፍለት ጠየቀው። አባቴ «ከሥሩ እጽፍልሃለሁ፤ አልፍቅም» አለው። ሰውየው ተቆጥቶ ሄደ፤ ለሌላ ጸሐፊም ሰጠው። ይህን ለሜሮን ነገርኳት። «ኦኬ እማ» አለችና የቀሩትን ልብሶች አብራኝ አጠፈች።

በማግስቱ ረቡዕ ሚስ ካረን ቢሮ ገባሁ። የጸሎት መጽሐፌን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት።

«እነዚህ የአምስቱ ድንጋዮች ናቸው» አልኩ። «ያነሣኋቸው እኔ ነኝ። ሥራ በጀመርኩ ጊዜ ነው። ፒተር ሲባረር አውቄ ዝም አልኩ።»

ሚስ ካረን ጓንቷን አደረገች። ወረቀቶቹን በወፍራም ካርቶን ላይ አንድ በአንድ አወጣች። ጀርባቸውን ገለበጠች፤ የእርሳስ ቁጥሮቼን አየች። ኖምሳን ጠርታ ድንጋዮቹን አስመጣች፤ መብራት አጠፋችና ሐምራዊውን የምርመራ መብራት አበራች።

አሮጌ ሙጫ በዚያ መብራት ያበራል፤ ታጥቦም ቢሆን ሥሩ ይቀራል። በየድንጋዩ ላይ፣ ከቁጥሬ ሥር፣ ጠርዙ የተቀደደ ነጣ ያለ ጥላ ታየ። የመጀመሪያዋን ወረቀት አጠገቡ ያዘቻት። የተቀደደው ጠርዝ ከጥላው ጠርዝ ጋር ገጠመ። ሁለተኛዋም ገጠመች። አምስቱም ገጠሙ።

ኖምሳ በጨለማው «ኦ፣ አስቴር» አለች። ሌላ ጊዜ የማትናገረው ነገር የላትም።

ሚስ ካረን መብራቱን አበራችና ወይዘሮ ብላንካን አስጠራች። ስለ እኔ ምንም ሳትል ወረቀቶቹን ከፊታቸው አደረገች። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው መልሰው አደረጉ። ሦስቱ «ያሮ» ይላሉ፤ ድንጋዮቹ የተገኙበትም ወንዝ ተጽፏል። አራተኛዋ «ቻና» ትላለች። አምስተኛዋ ላይ ምንም አይነበብም። ቀለሙን ያጠበው የእኔ ለብ ያለ ውኃ ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ አይቼ አወቅኩት። የእሷ ድንጋይ ስም የለውም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወይዘሮ ብላንካ «ያሮ» የሚለውን ጮክ ብለው አነበቡ። ሁለተኛውንም አነበቡ። ሦስተኛውንም። ከዚያ «ማን ጠበቃቸው?» ብለው ጠየቁ።

«ያነሣኋቸውም የጠበቅኳቸውም እኔ ነኝ» አልኩ።

«ሁለቱንም አልረሳልሽም» አሉ። ከዚያ እጄን ይዘው ቆዩ።

ለብቻችን ስንሆን ሚስ ካረን «ፒተርን ለዚሁ ነው ያባረርኩት» አለች።

«አውቃለሁ።»

«እሱ ጣለ። አንቺ ቁጥር ጽፈሽ አስቀመጥሽ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ሌላ ልዩነት የለም።» ማስጠንቀቂያ ጽፋ አስፈረመችኝ፤ በፋይሌ ውስጥ ይገኛል። የሆነውንም ሁሉ በእጄ ጽፌ ከድንጋዮቹ ፋይል ጋር እንዳያይዝ አዘዘችኝ፣ ከነስሜ። ወደፊት ስለ ያሮ ሊያጠና እዚያ ፋይል የሚገባ ሰው ጥፋቴን ያገኘዋል። ይገባኛል። ከሥራ ሳልወጣ ቀረሁ፤ ተመስገን።

ልወጣ ስል «የሣጥኑን መለያ ነገ አንቺ ታርሚዋለሽ» አለች። ወይዘሮ ብላንካ በር ላይ ቆመው ሰምተዋል።

«ቻሩዋ የሚለውን አትፋቂው» አሉኝ። «ቤት አልባ ሲሆኑ ያስጠጓቸው እነሱ ናቸው። አማቾቻችን ናቸው። ከጎኑ ጻፊ።»

ቁጥር መጻፍ ለምትጀምሩ ለእናንተ የምለው ይህን ነው። ከእናንተ በፊት የተጻፈውን አታንሡ። ካነሣችሁ አትጣሉ። ከጣላችሁ በዚያው ቀን ተናገሩ።

በማግስቱ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። እጄን ታጠብኩ፤ ጓንት አደረግኩ። ሣጥኑን አወጣሁ። «ቻሩዋ» ከሚለው በስተቀኝ፣ አንድ ጣት ቦታ ትቼ፣ «ያሮ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩ «ቻና»። ከዚያ እጄን አጣጥፌ ቀለሙ እስኪደርቅ ቆምኩ።